የእስያ የመጀመሪያው ግራንድማስተር ፊሊፒናዊ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

ፈረሰኛው_ከፒያሳ፦

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። እዚህ ስለ ሩሲያ፣ ስለ ህንድና ስለ ኖርዌይ ቼስ ብዙ ተወርቷል። ስለ ፊሊፒንስ ግን አንድም ክር አላየሁም፤ ይቆጨኛል። በእስያ የመጀመሪያው ግራንድማስተር (የቼስ ከፍተኛው ማዕረግ ነው) ህንዳዊም ቻይናዊም አይደለም፤ ፊሊፒናዊው ዩጂን ቶሬ ነው። ዓመቱ 1974 ነው (ዘመኑን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ህንድ የመጀመሪያ ግራንድማስተሯን፣ አናንድን፣ ያገኘችው በ1988 ነው። ቻይና የመጀመሪያውን ያገኘችው በ1990።

አሁን ህንድ ከ80 በላይ ግራንድማስተሮች አሏት። ፊሊፒንስ 18ኛውን፣ ዳንኤል ኪዞንን፣ ያገኘችው በ2024 ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ 18 ሰው!

ቶሬ የተወለደው በ1951 ኢሎኢሎ ከተማ ነው። በ1974ቱ የኒስ ኦሊምፒያድ፣ ማለትም በአገሮች የቡድን ውድድር፣ አንደኛ ቦርድ ላይ ተጫውቶ የብር ሜዳሊያ ወሰደ፤ ማዕረጉም የመጣው በዚያው ነው። አንደኛ ቦርድ ማለት ከየአገሩ ዋና ዋናዎቹ ጋር መግጠም ማለት ነው። በ1982 ሜክሲኮ ቶሉካ ላይ ከሃንጋሪው ፖርቲሽ ጋር አልፎ የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ሰው ለሚለይበት ውድድር፣ ለካንዲዴትስ፣ በቃ። በ1983 ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚፎካከሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ካስፓሮቭ፣ ኮርችኖይ፣ ስሚስሎቭ አሉበት። ከእነዚያ ስምንት አንዱ ቶሬ ነው። አሊካንቴ ላይ በዞልታን ሪብሊ 6 ለ4 ተሸንፎ ቀረ። ከዚያ በኋላ እዚያ ደረጃ የፊሊፒንስን ባንዲራ ይዞ የደረሰ የለም።

ብዙ ሰው «ታለንት ጠፋ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። የጠፋው ቼስ እየተጫወቱ እንጀራ የሚበላበት መንገድ ነው። እስቲ የተጫዋቾቹን ሕይወት እያነሳን እንነጋገር።

ወታደር_ኢ4፦

ጥሩ ክር ነው ወንድሜ። ስለ ቶሬ ከተነሳ የ1976ቱ የማኒላ ውድድር ሳይጠቀስ አይታለፍም። አራት ሰዎች ነበሩ፦ የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ካርፖቭ፣ ዩጎዝላቪያዊው ሉቦዬቪች፣ አሜሪካዊው ብራውንና ቶሬ። አሸናፊው ቶሬ ሆነ። ካርፖቭን ያሸነፈው ደግሞ ጥቁር ይዞ ነው።

ጨዋታው ሲሲሊያን የሚባለው አከፋፈት ነው። ካርፖቭ ንጉሡን በረጅሙ በኩል አስገባ። ቶሬ ሁለቱንም ክንፍ ከፍቶ ገፋ፤ በአንድ በኩል ቢ ወታደሩን፣ በሌላ በኩል ጂ ወታደሩን። የራሱን ንጉሥ መሃል ላይ ትቶት ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። መጨረሻ ላይ ካርፖቭ በንግሥቱ ቼክ እያለ ሲያሳድደው፣ የቶሬ ንጉሥ ከዲ7 ተነስቶ ዲ5 ድረስ ወጣ። ከዚያ ኢ6፣ ኤፍ5፣ ጂ6፣ ኤፍ6። ቼኩ አለቀ፤ ቶሬ አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮን እያሳደደህ ንጉሥህን ሜዳ መሃል ማራመድ ልብ ይጠይቃል። ቦርድ አውጥታችሁ አንድ በአንድ ተከተሉት። ኢንጂን (የኮምፒውተር ተንታኝ) አትክፈቱ፤ መጀመሪያ በራሳችሁ ዓይን እዩት።

አዲስ_ጀማሪ፦

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። ቶሬ አታክ የሚባለው አከፋፈት የእሱ ነው?

ወታደር_ኢ4፦

አይደለም። እሱ በሜክሲኳዊው ካርሎስ ቶሬ ስም የተጠራ ነው። ካርሎስ በ1920ዎቹ ነው የገነነው። ዝምድና የላቸውም።

ጋሽ_መኩ፦

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ፊሊፒንስን በቼስ ያወቅኳት በ1978 ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የሶቪየት መጽሐፍና መጽሔት በርካሽ ይገኝ ነበር። ካርፖቭና ኮርችኖይ ባጊዮ የሚባል ከተማ ላይ ሲጋጠሙ ጨዋታዎቹን ከዚያ እየለቀምን ነበር የምንጫወታቸው። 32 ጨዋታ! ካርፖቭ 6 ለ5 አሸነፈ፤ የቀረው 21 ጨዋታ እኩል ነው የወጣው።

ያንን ግጥሚያ ወደ ፊሊፒንስ ያመጣው ፍሎሬንሲዮ ካምፖማኔስ ነው። ስለ ፊሊፒንስ ተጫዋቾች ስታወሩ እሱን እንዳትዘሉት። እሱም ተጫዋች ነበር፤ በ1956ና በ1960 የአገሩ ሻምፒዮን ነው። ከዚያ ወደ አስተዳደሩ ገባና በ1982 የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን (የፊዴ) ፕሬዚዳንት ሆነ። ከእስያ የመጀመሪያው ነው። እስከ 1995 ቆየ። የመረጡት በብዛት የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ አገሮች ናቸው። በየአገሩ እየዞረ፣ ትንንሽ ፌዴሬሽኖችን በስም እያወቀ ነው ያሸነፈው። አውሮፓውያን ብዙ ወቅሰውታል። በተለይ በ1985 የካርፖቭና የካስፓሮቭን ግጥሚያ ከ48 ጨዋታ በኋላ ሞስኮ ላይ ሲያቋርጠው። ካርፖቭ 5 ለ3 እየመራ ነበር፤ ግን ካስፓሮቭ እየመጣበት ነበር። ካስፓሮቭ እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም። እኔ በዚያ ጉዳይ ከካስፓሮቭ ጋር ነኝ። ነገር ግን ድሃ አገሮች በቼስ ቤት ውስጥ ወንበር እንዲያገኙ ያደረገ ሰው መሆኑንም አልክድም።

ሰላም_ዱባይ፦

ጋሽ መኩ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ከፊሊፒኖዎች ጋር ነው የምንውለው፤ አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንበላለን። ወንዶቹ በእረፍት ቀን ጨርቅ ሰሌዳ ዘርግተው ቼስ ሲጫወቱ ሳይ ነው እኔም የጀመርኩት። ከቅርጫት ኳስና ከቦክስ ቀጥሎ የሚወዱት ይመስለኛል። ማኒላ ሪዛል ፓርክ ውስጥ ራሱ የቼስ መጫወቻ ቦታ አለ፤ እዚያ ማንም ከማንም ጋር ይጫወታል ብለውኛል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያጣላቸዋል። ዌስሊ ሶ። ግማሾቹ «የኛ ልጅ» ይላሉ። ግማሾቹ «ጥሎን ሄደ» ይላሉ። አንዱ ቶሬን አንስቶ «እሱ ቀረ፣ ይሄ ሸሸ» ሲል ሰማሁት። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። አገርን በጨዋታ መክዳት አለ እንዴ? እኛ ራሳችን ለሥራ ብለን ወጥተን የለ?

ቤቲ_ሚኒሶታ፦

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ዌስሊ እኔ ባለሁበት ክፍለ ግዛት የኖረ ልጅ ነው። ልጄ ቼስ ስለሚጫወት ታሪኩን በደንብ ተከታትያለሁ።

የተወለደው በ1993 ካቪቴ፣ ባኮር ነው። በ14 ዓመት ከአንድ ወሩ ግራንድማስተር ሆነ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በዚያ ዕድሜ እዚያ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2009 የዓለም ዋንጫ ላይ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ኢቫንቹክንና ካምስኪን አሰናበተ። ከ2009 እስከ 2011 ሦስት ዓመት በተከታታይ የፊሊፒንስ ሻምፒዮን ነበር። አገሩን አልበደለም፤ የሚችለውን ሁሉ ሰጥቷል።

በ2012 በቼስ ስኮላርሺፕ አሜሪካ ዌብስተር ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2013 ካዛን ላይ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ለፊሊፒንስ ወርቅ አመጣ። እዚያ ነው ያዘንኩት። ለአትሌቶች የሚሰጠው የገንዘብ ሽልማት ለእሱ አልተሰጠውም፤ ውድድሩ ሽልማት ከሚያስገኙት ውስጥ አይቆጠርም ተባለ። በዓመቱ፣ በ2014፣ ፌዴሬሽኑን ወደ አሜሪካ ቀየረ። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ውድድር አሸንፎ 100 ሺህ ዶላር አገኘና ትምህርቱን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለቼስ ሰጠ። በኋላ አንድ ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀበለው። የቤቱ እናት ራሷ ቀድሞ የፊሊፒንስ ተዋናይት ነበረች።

ከዚያ የሆነውን እዩ። በ2016 የሲንክፊልድ ካፕን፣ የለንደኑን ውድድርና የዓመቱን ግራንድ ቼስ ቱር አሸነፈ። በ2017 የታታ ስቲልን ውድድር። ሬቲንጉ (የጥንካሬ ነጥቡ) 2822 ደርሶ የዓለም ሁለተኛ ሆነ። የአሜሪካ ሻምፒዮንነትን በ2017፣ በ2020ና በ2021 ወሰደ። በ2019 ኖርዌይ ላይ፣ በማግነስ ካርልሰን አገር፣ ካርልሰንን በፊሸር ራንደም (ከኋላ ያሉት ቁሶች በዕጣ የሚደረደሩበት ቼስ) 13.5 ለ2.5 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሁሉ አንድ ልጅ ጥሩ አሰልጣኝ፣ ጥሩ ውድድርና የሰላም እንቅልፍ ሲያገኝ የሚሆነው ነው። ሄደ ብዬ አልወቅሰውም። ቢቀር ኖሮ ነበር የሚያሳዝነኝ።

ፈረሰኛው_ከፒያሳ፦

ቤቲ፣ በዚህ ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር ነኝ። ቶሬና ሶን ማነጻጸር የሚወዱ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። በ2016 ባኩ ኦሊምፒያድ ላይ ሁለቱም ነበሩ። ቶሬ 64 ዓመቱ ነው። 23ኛ ኦሊምፒያዱ ነበር፤ የዓለም ሪከርድ ነው። ከ11 ጨዋታ 10 ነጥብ አገኘ። ዘጠኝ አሸነፈ፣ ሁለቱን እኩል ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። የአያቶች ዕድሜ ላይ ያለ ሰው!

የተጫወተው ሦስተኛ ቦርድ ላይ ነው። ዌስሊ ሶም ለአሜሪካ ሦስተኛ ቦርድ ላይ ነበር። የዚያ ቦርድ ወርቅ ለሶ፣ ነሐስ ለቶሬ ሆነ። አሜሪካም እንደ ቡድን ወርቅ ወሰደች። የቀረውም የሄደውም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቦርድ ተሸለሙ። ከዚህ በኋላ «ማን ነው እውነተኛው ፊሊፒናዊ» የሚል ክርክር ለእኔ ትርጉም የለውም። ቶሬ ቀርቶ ትልቅ ሰው ሆነ። በ2021 የዓለም ቼስ የክብር አዳራሽ ገባ። ግን የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ይችል የነበረበት ጊዜው ያለፈው አንድ የሥልጠና ቡድን እንኳ ሳይኖረው ነው ብዬ ነው የማምነው። የሶቪየት ተጫዋች ከኋላው ሙሉ ተቋም ነበረው።

በነገራችን ላይ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን አሜሪካዊው ፊሸር በ1992 ከስፓስኪ ጋር እንደገና ሲጫወት ከጎኑ ረዳት አድርጎ የመረጠው ቶሬን ነው። ፊሸር ማንንም የማያምን ሰው ነበር። ቶሬን አመነው።

አሰልጣኝ_ደሴ፦

ሁላችሁም ስለ ሁለቱ ከዋክብት ነው የምታወሩት። እኔ ስለ መካከለኞቹ ልናገር፤ ምክንያቱም አብዛኛው የቼስ ተጫዋች ሕይወት እዚያ ነው ያለው።

ሮሴንዶ ባሊናስን የሚያነሳው የለም። ሁለተኛው የፊሊፒንስ ግራንድማስተር ነው። በ1976 ኦዴሳ ላይ፣ በሶቪየት መሬት፣ ሶቪየቶቹን አስከትሎ ውድድር አሸነፈ። ይህ ሰው ግን ጠበቃ ነበር። ሙያውን ይዞ፣ ቼስን በጎን አድርጎ እዚያ ደረሰ። ሙሉ ጊዜውን ቢሰጠው ኖሮ ብላችሁ አስቡ።

ከእሱ በኋላ የመጡትን ተመልከቱ። ቡዌናቬንቱራ ቪላማዮር ግራንድማስተር ሆነና ሲንጋፖር ሄዶ ማሠልጠን ጀመረ። ኔልሰን ማሪያኖም እንደዚሁ ሲንጋፖር። ሁሊዮ ሳዶራ ቴክሳስ በዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ። ይህ ሳዶራ በባኩ 2016 አንደኛ ቦርድ ላይ ከካርልሰን ጋር ተጫውቶ እኩል የወጣ ነው። እነዚህ ልጆች አገራቸውን ጠልተው አይደለም የወጡት። ሲንጋፖር ውስጥ አንድ ልጅ በሰዓት የሚከፍለው ገንዘብ ቤት ኪራይ ይከፍላል። ማኒላ ውስጥ ውድድር አሸንፈህ የምታገኘው ሽልማት አይከፍልም።

ሌላው ሰው የማይረዳው የኖርም ነገር ነው። ግራንድማስተር ለመሆን ሬቲንግህ 2500 መድረስ አለበት። ከዚያ ሌላ ሦስት ኖርም ያስፈልግሃል። አንድ ኖርም ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ ጨዋታ ነው፤ የ2600 ብቃት ማሳየት አለብህ፤ ከተጋጣሚዎችህ ቢያንስ ሦስቱ ግራንድማስተሮች መሆን አለባቸው፤ ከሌላ አገር የመጡም ያስፈልጋሉ። አንድ የሰርቢያ ልጅ አውቶቡስ ተሳፍሮ እንዲህ ያለ ውድድር ያገኛል። የፊሊፒንስ ልጅ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ትኬት፣ ሆቴል፣ ቪዛ። ኖርሙን በግማሽ ነጥብ ካጣው ደግሞ ገንዘቡ አለቀ፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል። ስንቱ ልጅ ነው በዚያ ግማሽ ነጥብ የቀረው።

እኛም አገር ይህን እናውቀዋለን። የማሠለጥነው አንድ ልጅ ለውጭ ውድድር ተጋብዞ የትኬት ገንዘብ የሚሰጥ ጠፍቶ ቀረ። የጠየቅናቸው ሁሉ «በርታ» ብለው ሸኙን። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ግራንድማስተር የላትም። ስለዚህ የፊሊፒንስን ታሪክ ሳነብ ስለ ሩቅ አገር የማነብ አይመስለኝም።

ሰላም_ዱባይ፦

አሰልጣኝ፣ የልጁ ነገር አሳዘነኝ። ሴቶቹስ? እዚህ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስለ ጃኔል ፍሬይና ስታወራ አትጠግብም። በ2016 በዚያው ባኩ ኦሊምፒያድ ላይ የፊሊፒንስ የመጀመሪያዋ የሴቶች ግራንድማስተር ሆናለች። 1974 ወንዱ፣ 2016 ሴቷ። አርባ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረበት?

አሰልጣኝ_ደሴ፦

እህቴ፣ አልነበረበትም። ለወንዶቹ ትኬት ሲጠፋ ለሴቶቹ በጭራሽ አይታሰብም ነበር፤ በብዙ አገር እንዲያ ነው። ፍሬይና ቼስ ይዛ ዩኒቨርሲቲም የተማረች ልጅ ናት፤ ይህን እወድላታለሁ። ፊሊፒንስ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የቼስ ቡድን አላቸው፤ ተጫዋቹ በዚያ የነፃ ትምህርት ያገኛል። ለብዙ ልጅ የቼስ ትልቁ ደሞዝ ይህ ነው። ዲግሪ።

ወታደር_ኢ4፦

ከቶሬ በፊት ስለነበረውም አንድ ልጨምር። ሮዶልፎ ካርዶሶ። በ1957 ኒውዮርክ ላይ ከ14 ዓመቱ ፊሸር ጋር ግጥሚያ አድርጎ 6 ለ2 ተሸነፈ። በዓመቱ ፖርቶሮዥ ወደ ኢንተርዞናል፣ ለካንዲዴትስ ወደሚያሳልፈው ውድድር፣ ሄደ። እዚያ ከኋላዎቹ ነበር። በመጨረሻው ዙር ግን ብሮንስታይንን አሸነፈው። ብሮንስታይን በ1951 የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ግማሽ ነጥብ የቀረው ሰው ነው። በዚያ ሽንፈት ከካንዲዴትስ ወደቀ። እና ያ ቀን ለካርዶሶ ምን አመጣለት? ስም። ከስም ሌላ ብዙም አይደለም።

ጋሽ_መኩ፦

ካርዶሶን ስላነሳህ ተባረክ፤ የረሳሁት ስም ነው።

አንድ ክርክር ልጨምር። አሰልጣኝ የትኬት ችግር ነው አለ፤ ልክ ነው። ግን ፊሊፒንስ በአንድ ወቅት ዓለምን ወደ ቤቷ ያመጣች አገር ናት። 1976 ኢንተርዞናል ማኒላ። 1978 ባጊዮ። 1992 የማኒላ ኦሊምፒያድ። በእስያ የቡድን ሻምፒዮና በ1970ዎቹ የሚገዳደራቸው አልነበረም። በ1988 ቴሳሎኒኪ ኦሊምፒያድ ላይ ሰባተኛ ወጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ የወጣው ለትልልቅ ግጥሚያ ነው። ለጋዜጣ የሚሆን ነገር። በየዓመቱ አሥር ግራንድማስተር ጠርቶ የአገር ልጆች ኖርም የሚሞክሩበት ውድድር ማዘጋጀት ለጋዜጣ አይመችም። ህንድ ግን ያንን አደረገች። ከአናንድ በኋላ በየከተማው ክፍት ውድድር፣ በየሰፈሩ አካዳሚ። መሥሪያ ቤቶችም ተጫዋች ቀጥረው ደሞዝ ይከፍሉ ነበር፤ ባቡር መሥሪያ ቤቱ፣ ነዳጅ ኩባንያው። ተጫዋቹ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ወር ሲሞላ ደሞዙን ያገኛል። ልዩነቱ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ፈረሰኛው_ከፒያሳ፦

ጋሼ፣ ስፈልገው የነበረውን ነው ያመጡት። ደሞዝ! ተጫዋቹ ከሽልማት ሌላ የሚኖርበት ነገር።

ፊሊፒኖዎቹም ዘግይተውም ቢሆን ይህን ያዩት ይመስለኛል። በ2021 በኮሮናው ጊዜ የፕሮፌሽናል ቼስ ሊግ ጀመሩ። ቡድኖቹ በከተማና በክፍለ አገር ስም ነው የሚጠሩት፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ የላጉና ቡድን ወሰደ። ጨዋታው በኦንላይን ነው። ደስ ያለኝ ሕጉ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ሴት ተጫዋችና በዕድሜ የገፋ ተጫዋች ማሰለፍ አለበት። ስለዚህ ሽማግሌው ማስተርም፣ ሴት ተማሪዋም፣ ታዳጊውም በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። ሀብታም አያደርግም። ግን ማሠልጠን ብቻ እንጀራ ለሆነበት ሰው እንደገና ተጫዋች የመባል ዕድል ነው።

አዲስ_ጀማሪ፦

ኪዞን ማን ነው? ዕድሜውስ? እሱም ይሄዳል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ወታደር_ኢ4፦

ከዳስማሪኛስ፣ ካቪቴ ነው፤ ዌስሊ ከተወለደበት አውራጃ። ማዕረጉን ያረጋገጠው በ2024 ቡዳፔስት ኦሊምፒያድ ላይ ነው፤ ገና ሃያዎቹ መግቢያ ላይ። የሚገርመው ከተማዋ ራሷ ቼስን ትደግፋለች። ከአንድ አካባቢ ተደጋግሞ ጠንካራ ልጅ ሲወጣ ያ ዝም ብሎ አይሆንም።

ቤቲ_ሚኒሶታ፦

ስኮላርሺፕ ከመጣለት ይሂድ። ለልጄም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ግን ለፊሊፒንስ ባንዲራ እየተጫወተ መማር ይችላል፤ ሳዶራ እንዳደረገው። ሄደ ማለት ቀየረ ማለት አይደለም።

አሰልጣኝ_ደሴ፦

በዚህ እስማማለሁ ቤቲ። ከ2500 ወደ 2600 የሚወስደው ብዙ ጠንካራ ውድድር ነው፤ እሱ ደግሞ አውሮፓና አሜሪካ ነው ያለው። ለአዲስ_ጀማሪ አንድ የቤት ሥራ፦ መጀመሪያ የ1976ቱን የካርፖቭና የቶሬ ጨዋታ ተጫወተው። ከዚያ የሶንና የኢቫንቹክን የ2009። እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ክር ላይ ያልገባህን እንቅስቃሴ ቁጥሩን ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።